አዶልፍ ኑሪ፦ የፓሪሱ ቴነር በእርግጥ በአንድ ከፍተኛ ዶ ምክንያት ሞተ?

መረዋ (ክሩን የከፈቱት)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ቴነር (ከፍ ያለው የወንድ ዘፋኝ ድምፅ) በተነሣው ውይይት ላይ አንድ አባል «ኑሪ የሚባል ፈረንሳዊ ዘፋኝ ነበረ፤ ባላንጣው ከፍተኛውን ዶ በደረቱ ሲያወጣ ሰምቶ በቅናት ራሱን አጠፋ» ብለው በሁለት መስመር ጽፈው አለፉ (ከፍተኛው ዶ የቴነር ድምፅ ጫፍ ላይ ያለ ኖታ ነው)። ታሪኩ በዚህ መልክ ሲነገር እኔም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ነገር ግን አባባሉ ግማሽ እውነት ከመሆኑም በላይ፣ በዘመኑ ከነበሩት የመድረክ ሰዎች መካከል እጅግ አሳቢ የነበረውን ዘፋኝ ተራ ቅናተኛ ያደርገዋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አዶልፍ ኑሪ ማርች 3 ቀን 1802 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሞንፔልዬ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሉዊ ኑሪ ራሱ የፓሪስ ኦፔራ ቴነር ሲሆን ጎን ለጎን አልማዝ ይነግድ ነበር። አባትየው ከሁለቱ ሙያዎች የትኛው እንጀራ እንደሚያበላ ጠንቅቆ ያውቅ ስለነበር ልጁ ወደ ንግዱ እንዲያደላ ፈለገ፤ አዶልፍም ለተወሰነ ጊዜ በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። ልቡ ግን ከመድረኩ አልራቀም፤ ከስፔናዊው ቴነር ከማኑኤል ጋርሲያ ዘንድ ድምፅ መማር ጀመረ። ይህ ጋርሲያ በ1816 የጣሊያናዊው አቀናባሪ የሮሲኒ «የሴቪያው ፀጉር አስተካካይ» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ አልማቪቫን የተጫወተው ሰው ነው።

ኑሪ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1821፣ በ19 ዓመቱ፣ በግሉክ «ኢፊዤኒ በቶሪድ» ውስጥ ፒላድን ሆኖ በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ላይ ቆመ። በ1826 አባቱ ሲሰናበት የቀዳሚ ቴነርነቱን ቦታ ወረሰ። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥር ዓመታት የፈረንሳይ «ታላቁ ኦፔራ» የሚባለው ግዙፍ የኦፔራ ዓይነት የተወለደባቸው ዓመታት ናቸው፤ በእነዚያ ዓመታት ከተጻፉት ታላላቅ የቴነር ሚናዎች አብዛኞቹም የተሰፉት በእርሱ ልክ ነበር። የሮሲኒ «ኮንት ኦሪ» በ1828፣ አርኖልድ በ«ጊዮም ቴል» በ1829፣ የማየርቤር «ሮቤር ዲያብሎሱ» በ1831፣ ኤሌዓዛር በአሌቪ «አይሁዳዊቷ» በ1835፣ ራውል በማየርቤር «ሁጉኖቶች» በ1836። በ1828 በኦቤር «የፖርቲቺዋ ዲዳ» ውስጥ ዓመፀኛውን ዓሣ አጥማጅ ማዛኒዬሎን የፈጠረውም እርሱ ነው። (ይህ ኦፔራ በኦገስት 1830 ብራስልስ ላይ ሲታይ ተመልካቹ ከአዳራሹ ወጥቶ አመፅ አስነሥቷል፤ ቤልጂየም ነፃ አገር የሆነችውም በዚያ አመፅ ነው። ኑሪ በዚያ ምሽት ብራስልስ አልነበረም። እርሱ በጁላይ አብዮት ጊዜ በፓሪስ ምሽጎች መካከል እየተዘዋወረ ለሕዝቡ ይዘምር ነበር።)

ለዛሬ በዚህ ላብቃ። ባላንጣው ስለመጣበት ስለ 1836ቱ ነገር ጥያቄ ካለ እመለስበታለሁ።

ጠያቂ ነኝ

ጋሼ መረዋ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የሙዚቃ ትምህርት የለኝም። የደረት ድምፅና የራስ ድምፅ ሲባል ምን ማለት ነው? አንድን ዶ በዚህ ወይም በዚያ መንገድ ማውጣት ሰው እስከ መሞት የሚያደርሰውስ ስለ ምን ነው?

ባለ ክራር

ይህን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ፤ ለዓመታት ወጣቶችን ድምፅ ሳስተምር ኖሬአለሁና።

ጠያቂ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው በዝቅተኛ ድምፅ «አ» ይበሉ፤ አጥንትዎ ይነዝራል። ድምፁን እያሳነሡ ወደ ላይ ሲወጡ አንድ ቦታ ላይ ንዝረቱ ከደረት ይጠፋና ድምፁ ቀጠን፣ ቀለል ብሎ በግንባርና በአፍንጫ አካባቢ የሚጮህ ይመስላል። የመጀመሪያው የደረት፣ ሁለተኛው የራስ ድምፅ ይባላል። በእርግጥ ሁለቱም የሚመነጩት ከማንቁርት ነው፤ ስሙ የስሜቱ ስም ነው። ኑሪ የሠለጠነበት የፈረንሳይና የድሮው ጣሊያን ዘይቤ ቴነሩ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ድምፁን እያቀጠነ፣ ሁለቱን እየቀላቀለ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ወደ ራስ ድምፅ እንዲሻገር ያስተምር ነበር። ሮሲኒ ለአርኖልድ እነዚያን ሁሉ ከፍተኛ ኖታዎች የጻፈው ይህን ዓይነት አወጣጥ በጆሮው ይዞ ነው። ጩኸት ይሆናሉ ብሎ አላሰበም።

የኑሪ ባላንጣ የተባለው ቴነር ዢልቤር ዱፕሬ የሠራው ሌላ ነገር ነበር። ማንቁርቱን ዝቅ አድርጎ አስቀምጦ፣ ድምፁን አጨልሞ፣ የደረቱን ክብደት እስከ ዶ ድረስ ተሸክሞት ወጣ። የሊዮን ከተማ ሐኪሞች ዲዴይና ፔትሬካን በ1840 ስለዚህ «አዲስ የዘፈን ድምፅ» ጽሑፍ እስከ ማቅረብ ደርሰዋል፤ «የጨለመ ድምፅ» ነው ያሉት። የኑሪ አስተማሪ ልጅ፣ እርሱም ማኑኤል ጋርሲያ የሚባለው፣ በ1854 በትንሽ መስተዋት የራሱን ማንቁርት ሲሠራ ለማየት የበቃውም ይኸው የድምፅ ክርክር በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ተቀጣጥሎ በቆየበት ወቅት ነው።

ሰው ስለዚህ ይሞታል ወይ ላሉት፣ ከራሴ ልንገርዎ። በ22 ዓመቴ በመዘምራን ቡድን ውስጥ ቴነር ነበርሁ፤ አንድ መሪያችን «ይህ የሴት ድምፅ ነው፣ በደረትህ አውጣው» እያለ አንድ ዓመት ሙሉ አስጮኸኝ። ክብደቱ መጣ፤ ነገር ግን ቀድሞ እንደ ክር የማሳንሰው ለስላሳ ድምፅ ከእኔ ጋር አልነበረም። ለመመለስ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ተመልሷል አልልም። እኔ ሌላ እንጀራ ነበረኝ። በሰላሳ አራት ዓመቱ የፓሪስ ቀዳሚ ቴነር ለነበረ ሰው ግን ጉሮሮው ማለት ስሙ፣ ቤቱና ልጆቹ ናቸው።

መረዋ

ባለ ክራር ጥሩ አድርገው አስረዱልኝ። አሁን ወደ 1836 ልመለስ።

በዚያ ዓመት የኦፔራው ዳይሬክተር ዱፖንሼል በጣሊያን ስመ ጥር ሆኖ የነበረውን ዱፕሬን ከኑሪ ጋር እኩል በቀዳሚ ቴነርነት ለመቅጠር ተስማማ። ምክንያቱ የንግድ ነበር፤ አንድ ዘፋኝ በታመመ ቁጥር ቲያትሩ እንዳይዘጋ መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ኑሪም መጀመሪያ ላይ አልተቃወመም። ኦክቶበር 5 ቀን «ጊዮም ቴል»ን በግሩም ሁኔታ ዘፈነ። ኦክቶበር 10 ቀን ግን «የፖርቲቺዋ ዲዳ» ላይ ዱፕሬ ከተመልካቹ መካከል እንዳለ ሲያውቅ ድምፁ ጎረነነ፤ ለስምንት ዓመት የእርሱ በነበረው በማዛኒዬሎ ሚና ውስጥ ጉሮሮው ከዳው። ከትርኢቱ በኋላ አቀናባሪው ኤክቶር ቤርሊዮዝና ፒያኒስቱ ጆርጅ ኦዝቦርን በፓሪስ አውራ ጎዳናዎች አብረውት ሲመላለሱ አመሹ፤ ያን ምሽት ስለ ሞት ሲናገር ሰምተውታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመልቀቂያ ደብዳቤውን አስገባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲስተዋል እፈልጋለሁ። በዚያን ጊዜ የዱፕሬ ከፍተኛ ዶ ገና በፓሪስ አልተሰማም ነበር። ኑሪን የሰበረው የሰማው ድምፅ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ እየሰማው መሆኑን ማወቁ ነው። ለዚህ ነው «ዶውን ሰምቶ ሞተ» የሚለው አባባል የማይዋጥልኝ።

ከመሰናበቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በማርች 1837፣ ሌላ አሳዛኝ ነገር በዓይኑ ፊት ደረሰ። ኑሪ ከ1827 ጀምሮ በፓሪስ ኮንሰርቫቷር (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ያስተምር ነበር፤ ከተማሪዎቹ አንዷ ኮርኔሊ ፋልኮን ናት። የ23 ዓመት ወጣት ብትሆንም የሶፕራኖ (ከፍ ያለው የሴት ድምፅ) አንድ ዓይነት እስከ ዛሬ በስሟ «ፋልኮን» እየተባለ ይጠራል። በኒደርማየር «ስትራዴላ» ላይ መምህሩ ስትራዴላን፣ ተማሪዋ ሊዮኖርን ሆነው ቆመዋል። ኑሪ «ነገ እንሄዳለን፣ ትፈቅጃለሽ?» ብሎ ሲዘፍን እርስዋ «ዝግጁ ነኝ» ማለት ነበረባት። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ራሷን ስታ ወደቀች፤ ኑሪ ተሸክሟት ከመድረክ ወጣ። የፋልኮን ድምፅ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ኑሪ ራሱ ኤፕሪል 1 ቀን ፓሪስን ተሰናበተ። ዱፕሬ ኤፕሪል 17 ቀን በ«ጊዮም ቴል» ቀረበና ያንን ዶ በደረቱ አወጣ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ሚዛን

ውይይቱን በደስታ እየተከታተልሁ ነው፤ ነገር ግን ዱፕሬ በዚህ ክር ውስጥ ቀስ በቀስ የክፉ ገፀ ባሕርይ ካባ እየተደረበለት ስለሆነ ልከራከርለት።

ዱፕሬ በ1806 ፓሪስ ተወለደ። በ1825 በኦዴዮን ቲያትር አልማቪቫን ሆኖ ሲጀምር ድምፁ ትንሽ ስለነበር ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ወደ ጣሊያን የሄደው በአገሩ ቦታ ስላጣ ነው። በዚያ ለዓመታት በየከተማው ቲያትር ለፋ። በ1831 ሉካ ላይ «ጊዮም ቴል» በጣሊያንኛ ሲቀርብ አርኖልድን የዘፈነው እርሱ ነው፤ በደረት ዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማውም በዚያ እንደሆነ ይነገራል። በሴፕቴምበር 1835 ጣሊያናዊው አቀናባሪ ዶኒዜቲ በናፖሊ ሳን ካርሎ ቲያትር «ሉቺያ ዲ ላመርሙር»ን ሲያቀርብ ኤድጋርዶን የፈጠረውም ዱፕሬ ነው። አሥር ዓመት ሠርቶ ያገኘውን ሥራ ይዞ ወደ አገሩ ቢመለስ ምን በደል አለው?

ደግሞም ዋጋውን ከፍሏል። ሮሲኒ ዶውን አልወደደውም፤ አንገቱ እየታረደ እንደሚጮህ የተኮላሸ አውራ ዶሮ ነው አለ ይባላል፤ ዱፕሬ ቤቱ መጥቶ በዘፈነለት ጊዜም የቬኒስ ብርጭቆዎቹ እንዳልተሰበሩ ለማረጋገጥ ዞር ብሎ ተመለከተ የሚል ቀልድ አለ። በ1838 የቤርሊዮዝን «ቤንቬኑቶ ቼሊኒ» ይዞ ወደቀ። ድምፁ ከዚያ ክብደት ጋር ብዙ አልዘለቀም፤ በ1847 በቬርዲ «ዠሩዛሌም» ውስጥ ጋስቶንን ሲፈጥር ገና የአርባ ዓመት ጎልማሳ ሳለ ጉሮሮው ያረጀ ነበር። ከዚያ በኋላ ኑሮው በማስተማር ላይ ሆነ፤ እነ ኤማ አልባኒ ከእርሱ ዘንድ ተምረዋል። የሞተው በ1896 ነው።

መረዋ

ሚዛን፣ እቀበላለሁ። ዱፕሬን መወንጀል አሳቤ አልነበረም፤ እንዲያውም ጥፋተኛ መፈለጉ ራሱ ያሳስተናል ባይ ነኝ። የኑሪ ታሪክ የሚያሳዝነው ያለውን ትቶ የሌለውን ለማግኘት በመነሣቱ ነው።

ጠያቂ ነኝ

እንዴት ማለትዎ ነው?

መረዋ

ከፓሪስ ከወጣ በኋላ በክፍለ ሀገር ከተሞች እየዞረ ዘፈነ፤ ማርሴይ ላይ ድምፁ ዳግመኛ ስለከዳው ክፉኛ ተስፋ ቆረጠ። በ1838 መጀመሪያ ወደ ጣሊያን ተሻገረና በማርች ናፖሊ ደረሰ። ሐሳቡ ከዶኒዜቲ ጋር ሆኖ የጣሊያንን አዘፋፈን ከሥሩ መማር ነበር፤ በሌላ አነጋገር፣ ዱፕሬ ዱፕሬ ወደሆነበት አገር ሄዶ አዲስ ድምፅ መሥራት። የ36 ዓመት ሰው፣ የኮንሰርቫቷር መምህር የነበረ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ «አ»ን ከመጀመሪያው መለማመድ ጀመረ። የፈረንሳይን የአፍንጫ ቃና አስወገደ፤ የደረቱን ክብደት አገኘ። የራስ ድምፁ ግን ጥሎት ሄደ። ባለቤቱ አዴል ከፓሪስ መጥታ ስትሰማው የምታውቀው ለስላሳ ድምፅ መጥፋቱን አውቃ ደነገጠች። ባለ ክራር ከላይ ስለ ራሳቸው ያወሩትን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ይኸው ነው።

ዶኒዜቲ ለኑሪ ብሎ «ፖሊውቶ» የሚባል ኦፔራ አዘጋጅቶ ነበር። ታሪኩ በአርመን ምድር ስለ ክርስትናው ስለሞተ ሰማዕት ሲሆን ኑሪ በሐሳቡ እጅግ ተማርኮ ነበር። ነገር ግን የናፖሊው ንጉሥ ፌርዲናንድ 2ኛ የሰማዕት ታሪክ በቲያትር መድረክ ላይ አይታይም ብሎ ከለከለ። ኑሪ በምትኩ በኖቬምበር 1838 በመርካዳንቴ «መሐላው» በናፖሊ መድረክ ጀመረ። ተመልካቹ በጥሩ ሁኔታ ተቀበለው፤ እርሱ ግን ጭብጨባውን ማመን አልቻለም።

«ፖሊውቶ» በኋላ ተሻሽሎ «ሰማዕታቱ» በሚል ስም በኤፕሪል 1840 ፓሪስ ላይ ቀረበ። የቴነሩን ሚና የዘፈነው ዱፕሬ ነው።

ሚዛን

እንደዚህ ዓይነት ነገር ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው «አጋነንህ» ይባላል።

ነገር ግን አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ኑሪ በናፖሊ ሳለ ታሞም ነበር፤ ሰውነቱ ይከሳ፣ መንፈሱ ይረበሽ ነበር፤ ሰዎች በሚያሞግሱት ጊዜ እያዘኑለት ወይም እየቀለዱበት ይመስለው ነበር። ዛሬ ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ ነበር እንጂ «ቀና» አይባልም ነበር። ማርች 7 ቀን 1839 ለአንድ ባልደረባ መርጃ በተዘጋጀ ትርኢት ላይ ዘፈነ፤ ባቀረበው አልረካም፤ የተጨበጨበለትንም ከልብ አልመሰለውም። በማግስቱ ማለዳ ራሱን አጠፋ። 37ኛ ዓመቱን ከደፈነ አምስት ቀን ነበረው። ነፍሰ ጡር የነበረችው አዴልም ልጅዋን ከወለደች በኋላ በዚያው ዓመት ተከተለችው።

ባለ ክራር

ስለ ሞቱ ብዙ ስላወራን ስለ ጭንቅላቱ ጥቂት ልበል፤ መረዋ «አሳቢ» ብለው ያለፉት ነገር ማብራሪያ ይፈልጋልና።

በ«አይሁዳዊቷ» ውስጥ ኤሌዓዛር መጀመሪያ የታሰበው ለባስ (ዝቅተኛው የወንድ ድምፅ) ነበር፤ ሽማግሌ አባት ነውና። ቴነር በዘመኑ ወጣት አፍቃሪ ሆኖ ካልታየ አይሆንም ይባል ነበር። ኑሪ ግን ነጭ ጢም አድርጎ የአባትን ሚና ወሰደ። ከዚያም አራተኛው ክፍል በሕብረ ዝማሬ እንዲያልቅ ታስቦ የነበረውን፣ አይሆንም፣ አባትየው ብቻውን ከልጁ ሕይወትና ከበቀሉ መካከል ሲመርጥ ይታይ ብሎ ተከራከረ፤ የዚያን ዘፈን ግጥም ራሱ ጽፎ ለአሌቪ ሰጠው። ኦፔራው በዛሬው ዘመን ሰው አፍ ላይ ያለው በዚያ አንድ ዘፈን ነው። ኤንሪኮ ካሩሶ በዲሴምበር 24 ቀን 1920 ኒው ዮርክ ላይ በሕይወቱ ለመጨረሻ ጊዜ ኦፔራ ሲዘፍን የተጫወተው ኤሌዓዛርን ነው።

በ«ሁጉኖቶች»ም እንዲሁ። አራተኛው ክፍል ጎራዴዎቹ በሚባረኩበት ታላቅ ሕብረ ዝማሬ እንዲዘጋ ታስቦ ነበር። ኑሪ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ራውልና ቫለንቲን ብቻቸውን ይቅሩ አለ፤ ማየርቤርም ሰማውና ያ የፍቅር ዱኤት (የሁለት ሰው ዘፈን) የሥራው ሁሉ ቁንጮ ሆነ። በ1832 ማሪ ታሊዮኒ የጨፈረችበትን «ላ ሲልፊድ» የተባለውን ባሌ ታሪክ የጻፈውም ይኸው ቴነር ነው። አንድ ቀን ፍራንዝ ሊስት የሹበርትን «የደን ንጉሥ» በፒያኖ ሲጫወት ሰምቶ፣ የዚያን ሟች ኦስትሪያዊ ዘፈኖች ለፈረንሳይ ሰው በማስተዋወቅ ከፊት የቆመውም እርሱ ነው።

ከፍተኛውን ዶ በደረት ማውጣት ትልቅ ነገር ነው። የኦፔራን አንድ ክፍል መጨረሻ መለወጥ ግን ለእኔ ይበልጥብኛል።

የወደብ ልጅ

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፤ ዛሬ ግን የምኖረው ማርሴይ ስለሆነ አንድ ነገር ላካፍላችሁ።

የኑሪ አስከሬን ከናፖሊ ወደ ፓሪስ ሲመለስ በማርሴይ በኩል አለፈ። ኤፕሪል 24 ቀን 1839 በኖትር ዳም ዱ ሞን ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተደረገለት። በዚያ ሰሞን ፒያኒስቱ ፍሬዴሪክ ሾፓን ከማዮርካ ደሴት ታሞ ተመልሶ ከጸሐፊዋ ከዦርዥ ሳንድ ጋር በከተማው ነበር። ኑሪን በፓሪስ ያውቀው ስለነበር ኦርጋኑን እርሱ ሊጫወት ተስማማ። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም አለ፤ በአካባቢው ያሉት ቡና ቤቶች ማታ ማታ በወጣት ይሞላሉ። ከሥራ ስመለስ በበሩ አልፋለሁ፤ ይህን ክር እስካነብ ድረስ ግን ገብቼ አላውቅም ነበር። ትናንት ገብቼ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጥሁ።

ሳንድ በደብዳቤዋ እንደጻፈችው ኦርጋኑ ቅኝቱ የወላለቀ ነበር። ሾፓን የሚጮኹትን ቧንቧዎች ትቶ ለስላሶቹን ብቻ መርጦ፣ ከሩቅ ዓለም እንደሚመጣ ማሚቶ ዝቅ አድርጎ ተጫወተ። ለወንበር ሃምሳ ሳንቲም የከፈለው ሕዝብ ግን ቅር ብሎት ወጣ። ዝነኛው ሰው ቤቱን በድምፅ ያናውጠዋል፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቧንቧ ይሰብራል ብሎ ጠብቆ ነበርና።

ጠያቂ ነኝ

የወደብ ልጅ፣ ሾፓን ያን ዕለት የተጫወተው ምን ነበር?

የወደብ ልጅ

የሹበርት «ከዋክብት» ነው። ኑሪ ይዘፍነው የነበረ ነው።